ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ የክብር ዘበኛው መኮንንና የማራቶን ባለድል

ሻምበል አበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለት ተከታታይ ጊዜያት በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው አትሌት ነው። በኦሊምፒክ መድረክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም እርሱ ነው። ዓለም የሚያውቀው በሯጭነቱ ቢሆንም፣ ዋነኛ ሙያው ውትድርና ነበር። በንጉሠ ነገሥት ክብር ዘበኛ በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ እስከ ሻምበልነት ማዕረግ የደረሰ፣ ሁለት ከፍተኛ የአገር ኒሻኖችን የተሸለመና በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት የተቀበረ መኮንን ነው።

በበርካታ አገሮች የጦር መኮንኖች በስፖርት ሜዳም ስማቸውን አስመዝግበዋል። በህንድ ሌተና ኮሎኔል ሄሙ አዲካሪ የአገሪቱን ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን በአምበልነት እስከ መምራት ደርሰዋል። በኢትዮጵያ ይህንኑ ድርሻ በላቀ ደረጃ የተወጣው አትሌቲክስ ሲሆን፣ መንገዱን የጠረገውም አበበ ቢቂላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና አስተዳደግ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ ክፍለ ሀገር በመንዲዳ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ አቶ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የተወለደበት ዕለት በሎስ አንጀለስ የተካሄደው የ1932 (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተደረገበት ዕለት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ብዙዎችን ያስገረመ አጋጣሚ ሆኗል።

የልጅነት ዘመኑ ከፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ጋር የተገጣጠመ ነበር። ወረራው ሲጀመር ገና የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረ ሲሆን፣ ቤተሰቡም ቀዬውን ለቆ ራቅ ወዳለ አካባቢ ለመሰደድ ተገዷል። ወላጆቹ በዚህ ጊዜ ተለያይተው እናቱ ሌላ ትዳር መሥርተው ነበር። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ጃቶ አካባቢ ተመልሶ በእርሻ ሥራ መተዳደሩን የቀጠለ ሲሆን፣ አበበም እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ ከብት በመጠበቅና ቤተሰቡን በሥራ በማገዝ አድጓል።

በልጅነቱ ከሚያዘወትራቸው ጨዋታዎች ዋነኛው ገና ነበር። የገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱት፣ የአንድ መንደር ጎረምሶች ከሌላው መንደር ጎረምሶች ጋር የሚፋለሙበት ባህላዊ ስፖርት ነው። የሁለቱ ወገኖች ግብ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትሮች ይራራቃል። ተጫዋቹ በሜዳና በዳገት፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ለሰዓታት መሮጥ ይጠበቅበታል። በጨዋታው ዕለት ጌታና ሎሌ ሳይባል ሁሉም እኩል ይጋፋል። አበበ በባዶ እግሩ ረጅም ርቀት መሮጥን የለመደው በዚህ ዓይነቱ የገጠር ሕይወት ውስጥ ነው።

ወደ ክብር ዘበኛ

በ1940ዎቹ አጋማሽ አበበ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የገጠር ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጊዜ ጀምሮ ከጦር ሠራዊት ጋር የተቆራኘች ናት። ጠመንጃ ያዥ የተባለው ሰፈርን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ መንደሮች የወታደራዊ አገልግሎትን ትዝታ በስማቸው እስከ ዛሬ ይዘው ይገኛሉ። ለገጠሩ ወጣት የውትድርና ቅጥር መደበኛ ደመወዝ፣ ልብስና ቀለብ የሚያስገኝ፣ ለቤተሰብም ክብር የሚሰጥ ሥራ ነበር።

አበበ በክብር ዘበኛ አምስተኛ እግረኛ ሬጅመንት ተቀጠረ። ክብር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱን ደኅንነት ከመጠበቅ ባሻገር በሥልጠናውም ሆነ በአደረጃጀቱ ከአገሪቱ ሠራዊት ቀዳሚ የነበረ ክፍል ነው። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ወታደሮች የተውጣጡትም ከዚሁ ክፍል ነበር። አካላዊ ብቃት በክፍሉ ትልቅ ቦታ ይሰጠው ስለነበር በጦር ክፍሎች መካከል የሚደረጉ የስፖርት ውድድሮች በከፍተኛ ፉክክር ይካሄዱ ነበር።

አበበ በዚህ ወቅት ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ እየተመላለሰ በየዕለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ይህንን የተመለከቱት የክብር ዘበኛ አሠልጣኝ የነበሩት ስዊድናዊው ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ኒስካነን የተፈጥሮ ጥንካሬን በሳይንሳዊ ሥልጠና ማጎልበት እንደሚቻል የሚያምኑ፣ የእያንዳንዱን ሯጭ ሰዓትና የሰውነት ሁኔታ በጥንቃቄ የሚከታተሉ ሰው ነበሩ። በፍጥነት መሮጥንና ማገገምን የሚያፈራርቅ፣ ዳገትና ረጅም ርቀትን ያካተተ የልምምድ መርሐ ግብርም አወጡለት።

በ1948 ዓ.ም በተደረገው የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና አበበ በወቅቱ የታወቀውን ሯጭ ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ ሆነ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 (እ.ኤ.አ.) በሜልቦርን በተካሄደው ውድድር ሲሆን፣ አበበ በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበረም። ተራው የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። መጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ትዳር መሠረተ። በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገ የማጣሪያ ውድድር ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ መሆኑ ውጤቱን ይበልጥ አስደናቂ ያደርገዋል።

አበበ ወደ ሮም የተላከው በመጨረሻው ሰዓት በሌላ ሯጭ ምትክ ነው የሚል ታሪክ በሰፊው ሲነገር ቆይቷል። ይሁን እንጂ ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ቲም ጁዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው የአበበ የሕይወት ታሪክ ተሳትፎው ቀደም ብሎ የታሰበበትና የታቀደ እንደነበር አስረድቷል። ከላይ የተጠቀሰው የአዲስ አበባ ውጤትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው።

የሮም ድል

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም ተካሄደ። የሙቀቱን ጊዜ ለማሳለፍ ሲባል ውድድሩ አመሻሽ ላይ እንዲጀመር ተወስኖ ነበር። መነሻው በካፒቶሊን ኮረብታ፣ መድረሻው ደግሞ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሆነ። ጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ሲጨልም የኢጣሊያ ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ብርሃን ሰጥተዋል።

አበበ የመለያ ቁጥር 11 ለብሶ በባዶ እግሩ ቀረበ። ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በለመደው አኳኋን መሮጥን መርጦ ነበር። በብዙዎች ዘንድ ያለ ጫማ መሮጡ እንደ እጦት ቢታይም፣ አሠልጣኙና ሯጩ መክረውበት የወሰኑት ጉዳይ ነበር።

ከመነሳታቸው በፊት ኒስካነን ብርቱ ተፎካካሪ ይሆናሉ ያሏቸውን ሯጮች ቁጥር ለአበበ ነግረውት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ሲጠበቅ 185 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ። አበበ ከአጠገቡ የሚሮጠው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን እየፈለገ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ሮጠ። ሁለቱ ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ወደኋላ ትተው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ጎን ለጎን ተጓዙ።

አበበና ኒስካነን አስቀድመው ጎዳናውን ሲጎበኙ ከመድረሻው አቅራቢያ አንድ ምልክት መርጠው ነበር። ይህም የአክሱም ሐውልት ነው። ሐውልቱ በወረራው ዘመን በሙሶሊኒ ትእዛዝ ተነቅሎ ወደ ሮም የተወሰደና ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ የቆመ ነበር። አበበ ወደ ሐውልቱ ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨምሮ ከራዲ ተለየ። የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች ብቻውን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመግባት አሸነፈ። ራዲ በ25 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሁለተኛ፣ የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ሦስተኛ ሆኑ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ደረጃ አግኝቷል።

አበበ የገባበት ሰዓት የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት በስቶክሆልም ያስመዘገበውን የዓለም ምርጥ ሰዓት በ0.8 ሰከንድ አሻሽሏል። ወረራው በተፈጸመ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በሮም ጎዳናዎች፣ ያውም በተዘረፈው የአገሩ ቅርስ ሥር አልፎ ማሸነፉ ለኢትዮጵያውያን ከስፖርት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ዓመቱ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን የተቀዳጁበት ስለነበር ድሉ በመላው አህጉር የጋራ ደስታ ሆኗል። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ የተመለሰ ሲሆን፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም በነበረበት በአክሱም እንደገና መቆሙ በይፋ ተበስሯል።

አበበ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ተቀበለው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻን ሸልመውታል፤ የአሥር አለቃነት ማዕረግም ሰጥተውታል።

ከታኅሣሡ ሙከራ እስከ ቦስተን

ከሮም ድል ሦስት ወር ገደማ በኋላ ክብር ዘበኛ በታሪኩ እጅግ ፈታኝ ወደሆነው ጊዜ ገባ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክፍሉ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። በአዲስ አበባ መሐል የተካሄደው ውጊያ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ሲሆን፣ ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሽፏል።

አበበ በሙከራው ቀጥተኛ ተሳትፎ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የክፍሉ ባልደረባ በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተጠይቋል። ከጥፋት ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥም ተለቆ ወደ ሥራውና ወደ ልምምዱ ተመልሷል። ይህ ሁኔታ የአንድ ወታደር ዝና ከሚያገለግልበት ተቋም ዕጣ ተለይቶ እንደማይታይ ያመለከተ ነበር።

በ1953 ዓ.ም አበበ በአቴንስ እና በጃፓን ኦሳካ፣ በ1954 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺሴ የተደረጉ ማራቶኖችን አሸነፈ። በአቴንስ የሮጠው እንደገና በባዶ እግሩ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም በቦስተን ማራቶን ከክፍል ባልደረባው ከማሞ ወልዴ ጋር ተሰለፈ። ሁለቱ ውድድሩን ለረጅም ርቀት በፈጣን ሰዓት ሲመሩ ቢቆዩም የቀዝቃዛው ነፋስና የመጨረሻዎቹ ዳገቶች ጫና በርትቶባቸው አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ሆኑ። አሸናፊው ቤልጅየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ ነበር። አበበ ጀምሮ በጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች የተሸነፈው በዚህ አንድ ውድድር ብቻ ነው።

የቶኪዮ ድል

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ዝግጅት በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ አበበ የሆድ ሕመም ተሰማው። ሕመሙ የትርፍ አንጀት መሆኑ ተረጋግጦም መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ ሊካሄድ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ስለነበር ይሮጣል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። አበበ ግን በቀናት ውስጥ ተነሥቶ ልምምዱን ቀስ በቀስ ቀጠለ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በተካሄደው ውድድር በዚህ ጊዜ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ ቀረበ። ከውድድሩ አጋማሽ ጀምሮ ተፎካካሪዎቹን በመለየት ብቻውን መሮጥ ጀመረ። ስታዲየም የገባው ተከታዩ ሳይታይ ሲሆን፣ የገባበትም ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነበር። ይህም በዚያው ዓመት ብሪታንያዊው ቤዝል ሂትሊ ያስመዘገበውን የዓለም ምርጥ ሰዓት በ1 ደቂቃ ከ43.8 ሰከንድ ያሻሻለ ነው። ሂትሊ ራሱ ከአበበ በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ወጥቷል። የጃፓኑ ኮኪቺ ትሱቡራያ ሦስተኛ ሆኗል።

ተመልካቹን ይበልጥ ያስደነቀው ከውድድሩ በኋላ የሆነው ነበር። አበበ የመጨረሻውን መሥመር እንዳለፈ በሜዳው መሐል ሣሩ ላይ ሆኖ እንዳልደከመ ሰው የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ መሥራት ጀመረ። ሌሎቹ ሯጮች እየተንገዳገዱ በሚገቡበት ሰዓት የታየው ይህ ትዕይንት ለኒስካነን የሥልጠና ዘዴና ለአበበ ሥርዓታማነት ዓይነተኛ ምስክር ሆኖ ተወስዷል።

በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከእርሱም በኋላ ይህን ያደረጉት የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልደማር ቺርፒንስኪና ኬንያዊው ኤሉድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው። ከቶኪዮ ሲመለስ ወደ መኮንንነት ተሸጋግሮ የመቶ አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው። የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቮልስዋገን መኪናና መኖሪያ ቤትም ተሸልሟል።

በ1959 ዓ.ም መጀመሪያ አበበ በደቡብ ኮሪያ የተካሄደውን የሴኡል ማራቶን አሸነፈ። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በጦርነት በተሰለፉበት ምድር የዚያው ክፍል መኮንን በሰላም ጊዜ ተወዳድሮ ማሸነፉ በሁለቱ አገሮች መካከል ላለው ወዳጅነት ተጨማሪ መታሰቢያ ሆኗል።

ሜክሲኮ ሲቲና የማሞ ወልዴ ተራ

በ1959 እና በ1960 ዓ.ም አበበ በእግር ጉዳት ተቸገረ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ ጊዜ ለማሸነፍ የተሰለፈው ጉዳቱ ሳይሽረው ነበር። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለጸናበት ከውድድሩ ወጣ። ማሞ ወልዴ በኋላ እንደተናገረው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት ለመጨረስ እንደማይችል ገልጾለት የአገሩን ድል እንዲያስጠብቅ አደራ ብሎታል።

ማሞ አደራውን ጠብቆ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አሸነፈ። ኢትዮጵያም በተከታታይ ሦስት የኦሊምፒክ ማራቶኖችን በሁለት የክብር ዘበኛ ባልደረቦች አማካይነት ለማሸነፍ በቃች። አበበ ከሜክሲኮ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጥቶታል። በሩጫ ዘመኑ በአጠቃላይ በ16 ማራቶኖች ተወዳድሮ 12ቱን አሸንፏል። አንድ ጊዜ ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አምስተኛ የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱን የመጨረሻ ውድድሮች በጉዳት ምክንያት አቋርጧል።

አደጋውና አዲሱ ትግል

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት ሻምበል አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። በደረሰበት የአንገትና የአከርካሪ ጉዳት በመጀመሪያ እጆቹንም ሆነ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ተሳነው። ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሕክምና ጀመረ።

ይህ ሆስፒታል በአከርካሪ ጉዳት ሕክምና በዓለም ስመ ጥር ነበር። ክፍሉን የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርት ለተጎዱ ወታደሮች የማገገሚያ መንገድ እንዲሆን ያደረጉ ሰው ናቸው። ጉትማን የጀመሩት ውድድር አድጎ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ሆኖ የተቆጠረው በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም፣ አበበ ባሸነፈ በቀናት ልዩነት የተካሄደው ነበር።

አበበ በሆስፒታሉ ስምንት ወር ያህል ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ጠይቀውታል። የእጆቹን እንቅስቃሴ መልሶ ቢያገኝም በእግሮቹ ለመሄድ ግን ዳግም አልቻለም። በዓለም ላይ በእግሮቹ ብርታት የታወቀው ሰው ቀሪ ዘመኑን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለማሳለፍ ተገደደ።

ሻምበል አበበ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖም ከውድድር አልራቀም። ሐምሌ 1962 ዓ.ም በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ሚያዝያ 1963 ዓ.ም በኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በክብር እንግድነት ተጋብዞ ሳለ ራሱ ተሰልፎ በበረዶ ላይ የሚደረገውን የውሻ ጋሪ ውድድር አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎችን በልጦ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸንፏል።

በ1972 (እ.ኤ.አ.) በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ ተቀብሎታል። በዚያ ውድድር ማሞ ወልዴ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል።

ዕረፍትና ቀብር

ሻምበል አበበ ቢቂላ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በጭንቅላቱ ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በተወለደ በ41 ዓመቱ አረፈ። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በዚህ ሥነ ሥርዓት 65,000 ያህል ሕዝብ እንደወጣ ተገምቷል። ዕለቱም የብሔራዊ ሐዘን ቀን እንዲሆን ታውጇል። ከጥቂት ወራት በኋላ የየካቲት 1966 አብዮት ፈንድቶ አበበ ያገለገለው ክብር ዘበኛም ሆነ ዘውዳዊው ሥርዓት ታሪክ ሆነ። የአበበ ስም ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይደበዝዝ ቆይቷል።

መታሰቢያዎቹና ተተኪዎቹ

በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም ይገኛል። የኒውዮርክ የጎዳና ሯጮች ማኅበር ለረጅም ርቀት ሩጫ አስተዋጽኦ ላበረከቱ ሰዎች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዝነኞች መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆኗል። የሮም ድል ሃምሳኛ ዓመት በተከበረበት በ2010 (እ.ኤ.አ.) የሮም ማራቶንን የመራው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና፣ ወደ መድረሻው ሲቃረብ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ በመግባት መታሰቢያውን አክብሯል። ልጁ ጽጌ አበበም የአባቷን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አቅርባለች።

በአበበ ፈለግ የተጓዙት ወታደር አትሌቶች ጥቂት አይደሉም። ሻምበል ማሞ ወልዴና የአየር ኃይሉ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። በኦሊምፒክ ማራቶን የወንዶች ድል ገዛኸኝ አበራ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ፣ ታምራት ቶላ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ለአገራቸው መልሰዋል። በሴቶች ፋጡማ ሮባ በአትላንታ፣ ቲኪ ገላና በለንደን አሸንፈዋል።

ለመንግሥት አገልግሎት ያለው ትምህርት

የሻምበል አበበ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሁለቱ የወርቅ ሜዳሊያዎች ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኛውና ለኃላፊዎች ሌላ ቁም ነገር ይዘዋል። አገሩን በሙያው ያገለገለ ሰው በአደጋ አካሉ ሲጎዳ ተገቢ ሕክምና አግኝቷል፤ ማዕረጉና ክብሩም እንደተጠበቀ ቆይቷል። በዚያ ዘመን በሥራ ላይም ሆነ ከሥራ ውጪ አካላቸው የተጎዳ ነገር ግን ስማቸው ያልታወቀ በርካታ ወታደሮችና ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለውን ክብካቤ ለማግኘት አልታደሉም።

ይህ ልዩነት በግለሰብ ዝና ሳይሆን በሕግ እንዲመለስ ለማድረግ ከጊዜ በኋላ ልዩ ልዩ እርምጃዎች ተወስደዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ቀደም ሲል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 101/1986 የተካ ነው። አዋጁ አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻቹ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችውም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ነው።

በስፖርቱም መስክ አበበ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ የጀመረው ጉዞ ፍሬ አፍርቷል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በለንደን በወንድዬ ፍቅሬ የብር ሜዳሊያ አገኘች። የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ደግሞ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ በተካሄዱት ጨዋታዎች ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር አስገኝታለች። ይህች ከተማ ከ57 ዓመት በፊት ሻምበል አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ያጠለቀባት መሆኗ ይታወሳል።

ከጃቶ የገና ሜዳ ተነሥቶ እስከ ሮምና ቶኪዮ የዘለቀው፣ ከተራ ወታደርነት እስከ ሻምበልነት የደረሰው የአበበ ቢቂላ ሕይወት በሥርዓት የተመራ ትጋት ምን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ ያሳያል። ደረጃውና መወጣጫው የተሟላለት ሕንፃ፣ በችሎታው የሚመዘንበት የሥራ ቦታ የሚጠብቁ ዜጎች ዛሬም ብዙ ናቸው። አዋጆቹን በየመሥሪያ ቤቱ በተግባር መተርጎም አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ላሳየው ጽናት የሚመጥን መታሰቢያ ነው።